«ተስፋ የድሃ ማደንዘዣ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ከቦሌ አራብሳ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ «ተስፋ የድሃ ማደንዘዣ ነው» የሚል ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስማቸውን ባይገልጹም አጻጻፋቸው የኑሮን ምሬት በቅርብ የሚያውቁ፣ ብዙ ያነበቡና ያሰቡ ሰው መሆናቸውን ይመሰክራል፤ ስለዚህም ጽሑፋቸው «ጨለምተኛ» ተብሎ በችኮላ ከሚታለፍ ይልቅ ነጥብ በነጥብ ሊመለስለት ይገባል። አሳባቸውን ባጭሩ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ተስፋ ሰውን ስለሚያስታግሥ መብቱን እንዳይጠይቅ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቁ ያረጁ ሰዎች የተስፋን ከንቱነት በሕይወታቸው አረጋግጠዋል። ሦስተኛ፣ ዓለም ከዓመት ወደ ዓመት እየከፋች ስለሆነ ተስፈኛ ማለት ዜና የማይከታተል ሰው ነው። አራተኛ፣ ተራ ሰው በመንደሩ የሚሠራት ትንሽ ሥራ ከችግሩ ግዝፈት አንጻር ራስን ማጽናኛ ብቻ ናት። አምስተኛ፣ ስለዚህ ብልህ ሰው ከማንም ምንም ሳይጠብቅ በሩን ዘግቶ ራሱን ያድናል፤ ከቻለም አገር ጥሎ ይሄዳል።

ወደ ምላሹ ከመግባቴ በፊት የማልከራከርበትን ልናገር። እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ በተከራየሁት ቤት ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ኑሮ መክበዱን ለማወቅ የማንንም ጽሑፍ ማንበብ አያሻውም። ጎህ ሳይቀድ ወደ ጎሮና ወደ መገናኛ ለሚሄድ ታክሲ የሚሰለፈው ሠራተኛ፣ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሌሊት ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቀው እናት፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የማያልፍለት መምህር ሁሉም ጠንቅቀው ያውቁታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዘይቱ፣ የመድኃኒቱና የነዳጁ ዋጋ ተከትሎት ሲወጣ የብዙ ሰው ገቢ ግን ባለበት ቆመ። ከዚያ በፊት ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ያጠፋው ሕይወትና ያፈረሰው ኑሮ ገና ተቆጥሮ አላለቀም፤ ከዚያ ወዲህም ሰላም በሁሉም ሥፍራ አልወረደም። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ዘርዝረዋል፤ አንዱንም አላስተባብልም።

ልዩነታችን የሚጀምረው ተስፋ ከምን ይቆጠራል ከሚለው ላይ ነው። እርሳቸው ነገ ከዛሬ ይሻላል የሚል ትንበያ አድርገው ወስደውታል፤ ከዚያም ትንበያው ባለመፈጸሙ ተስፈኛውን ይከሱታል። እኔ በዙሪያዬ የማየው፣ ሰዎች በችግር መካከል ጸንተው የሚቆሙበት ተስፋ ግን ከትንበያ ጋር ብዙም ግንኙነት የለውም፤ መዋጮ ያለው፣ ቀጠሮ ያለው፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚደረግ ውል ነው። ጸሐፊው የተቹት አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ የሚመኘውን ነው፤ እርሱን ቢተቹት አልቃወማቸውም።

ተስፋ ሕዝብን ያስተኛል ለሚለው ለመጀመሪያው ነጥባቸው ያቀረቡት ማስረጃ የቆሼ አደጋ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በከተማችን ደቡብ ምዕራብ በኩል የሚገኘው የቆሻሻ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ሲውጥ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ጸሐፊው «በተስፋ የተኙ ሰዎች» ይሏቸዋል። ይህ አነጋገር በሟቾች ላይ የተሰጠ ፍርድ በመሆኑ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። የቆሼ ነዋሪዎች የከተማው ሕዝብ የጣለውን ፕላስቲክና ብረት ለቅመውና ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሠራተኞች ነበሩ። የነገሩም ታሪክ ጸሐፊው ከነገሩን ይሰፋል። ቦታው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ በሌላኛው ዳርቻ በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች ግን ማስወገጃውን አጥብቀው ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ ክምሩም የተናደው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተኛው ማን ነው? የሰንዳፋ ገበሬዎች አልተኙም፤ አቤት ብለው መልስ አግኝተዋል። የቆሼ ለቃሚዎችም አልተኙም። የተኛነው በመካከል ያለነው፣ «ቆሼ ድሮም እንዲህ ነው፤ ምን ይደረጋል?» እያልን አፍንጫችንን ይዘን በመኪና የምናልፈው የቀረነው የከተማ ሰዎች ነን፤ ያንን እንቅልፍ ያመጣብን ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ነው። ኃላፊነት ያለበት ሰው ከሕዝብ አፍ ሊሰማ ከሚችለው ቃል ሁሉ «ምንም አይደረግም» የሚለውን ያህል የሚመቸው የለም፤ ምንም አለማድረጉን ሕዝቡ ራሱ አስቀድሞ ይቅር ብሎለታልና። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ መልስ ይጠብቃል። ምንም የማይጠብቅ ሰው በወረዳ ደጃፍ ምን ሊሠራ ይሰለፋል?

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ያነሷቸውን ሁለት ነገሮች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። በየአዳራሹ መግቢያ እያስከፈሉ «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ሕይወትህ ይቀየራል» የሚሉት ተናጋሪዎች የሚሸጡት ነገር እርሳቸው እንዳሉት ማደንዘዣ ነው፤ ደመወዙ ኪራዩን የማይሸፍንለትን ሰው «የድህነትህ ምክንያት አስተሳሰብህ ነው» ማለት ነውር ነው። «ሳይደግስ አይጣላም» የሚለውን አባባል መክሰሳቸው ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ለአባባሉ ጥብቅና አልቆምም፤ ልጁን ለቀበረ ሰው እንዲህ ማለት አንዳንዴ ጭካኔ ይሆናል። ነገር ግን ይህን የሚሉ እናቶች አብዛኛውን ጊዜ እንጀራና ወጥ ይዘው መጥተው፣ ለቅሶ ቤቱን አስተካክለው፣ ሲወጡ የሚሉት ነውና ቃላቸው ሲመዘን የሠሩትም አብሮ ቢቆጠር መልካም ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ነገር ከነጥቦቻቸው ሁሉ የጠነከረው ነው፤ በእኛ ሰፈር የሚኖር ሰው ደግሞ በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመዝግበው፣ በየወሩ በባንክ ሲቆጥቡ ኖረው፣ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ እስኪያዩ ዕጣው ሳይደርሳቸው የቀሩ ሰዎች አሉ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ዕጣ በይፋ ከወጣ በኋላ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ሲሰረዝ፣ «ደረሰን» ብለው እልል ያሉ ሁሉ በቀናት ውስጥ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ጸሐፊው ይህን ከጻፉ በኋላ «ተስፋ ማለት ይኸው ነው» ብለው ይደመድማሉ።

እዚሁ ሰፈር ግን ሌላም ዕጣ አለ። በየሕንፃው ምድር ቤት ያሉት ባለ ሱቆች በየቀኑ፣ ደመወዝተኞቹ በየወሩ ዕቁብ ይጥላሉ። በዕቁብም ዕጣ ይወጣል፤ ነገር ግን ዕጣው የሚወስነው ማን ይቅደም የሚለውን እንጂ ማን ይቅር የሚለውን አይደለም። የዕቁቡ ዳኛና የዕቁቡ ጸሐፊ በስም የሚታወቁ ጎረቤቶች ናቸው፤ ዕጣው በአባላቱ ፊት ይወጣል፤ የደረሰው ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይወስድም፤ ሐዘን ወይም ሕመም የገጠመው አባል ካለ ደግሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለቆለት እርሱ የሚቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ባለ ዕቁብ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀው ነገር ተስፋ መሆኑን የሚክድ አይኖርም፤ ሆኖም ይህ ሰው ሲጠብቅ አያረጅም፤ የዙሩን መጨረሻ ያውቀዋልና።

ዕቁብን ከሚገባው በላይ እንዳላሞግሰው የራሱን ችግር ልጨምር። ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ የሚጠፋ ሰው አለ፤ ዋስ የሚጠየቀውም ስለዚህ ነው። የዋጋ ንረቱ ሲበረታ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አባል ከመጀመሪያው ጋር በቁጥር እኩል ብር ቢቀበልም የሚገዛበት ያንሳል፤ መጀመሪያ የደረሰው ፍሪጅ የገዛበት ገንዘብ ለመጨረሻው ምድጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት አባላቱ ሲነጋገሩ የሰማሁት መፍትሔ ዕቁቡን ማፍረስ አልነበረም፤ ዙሩን ማሳጠር ነው። ብዙ ሰው የነበረበት ዕቁብ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ ቀጠሮው እንዲቀርብ ይደረጋል። ጸሐፊው ይህን ቢያስተውሉት ኖሮ የሁለተኛ ነጥባቸው መደምደሚያ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢውን የጎዳው ተስፋ ማድረጉ አይደለም፤ ዕጣውን የሚያወጣው እጅ የማይታይበት፣ የዙሩም መጨረሻ የማይታወቅበት ውል ውስጥ መግባቱ ነው። ለዚህ የሚገባው ምላሽ የዕጣውን መረጃ ሁሉም እንዲያየው፣ ተራው በግልጽ እንዲለጠፍ መጠየቅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደግሞ የሚጠይቀው ቤቱን ገና ያልተወ ሰው ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ዓለም ነው። ጸሐፊው የዩክሬንን፣ የሱዳንንና የጋዛን ጦርነቶች፣ የአየር ንብረት ለውጥን፣ ወረርሽኝን ጠቅሰው ይህን ሁሉ እያየ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ዐይኑን የጨፈነ ነው ይላሉ። እኔ ከእነዚህ ሩቅ ነገሮች ይልቅ ሁላችንም በዐይናችን ያየነውን አንድ ነገር ላንሳ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የነበረ ሰው ኤች አይ ቪ ያደረገውን ያስታውሳል። እድሮች የሚቀብሩት ወጣት በመብዛቱ ካዝናቸው ተራቆተ፤ ወላጅ አልባ ሕፃናት በየዘመድ ቤቱ ተበተኑ፤ ከከተማዋ በላይ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ ከየቦታው የመጡ ሕሙማን ጎጆ ቀልሰው ሰፈሩ። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ስለነበር ለእኛ አገር ሰው እንደሌለ ይቆጠር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «ተስፋ የድሃ ማደንዘዣ ነው» ብሎ ቢጽፍ የሚያስተባብለው ማስረጃ በእጃችን አልነበረም። የዚያን ዕለት ዜና ሁሉ ለእርሱ ይመሰክርለት ነበር።

ሆኖም በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ጥቂት ሰዎች ፊታቸውን ገልጠው፣ መገለሉን ችለው፣ መቅድም እና ተስፋ ጎህ የተባሉትን ማኅበራት አቋቋሙ፤ በደቡብ አፍሪካና በሌሎችም አገሮች ሕሙማን ለመድኃኒት ዋጋ አደባባይ ወጡ፤ በየካቲት 1993 ዓ.ም. ሲፕላ የተባለው የሕንድ መድኃኒት አምራች የአንድ ዓመቱን መድኃኒት በ350 ዶላር ለማቅረብ ዝግጁ መሆኑን አሳወቀ። በአገራችን መድኃኒቱ መጀመሪያ በክፍያ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 2 ሚሊዮን የሚደርስ የነበረው ከኤድስ ጋር የተያያዘ የዓመት ሞት በ2023 ወደ 630 ሺህ ወርዷል። እነዚያን ማኅበራት ያቋቋሙት ሰዎች መድኃኒቱ እንደሚደርስላቸው አያውቁም ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ሳይደርስላቸው ያረፉም አሉ። ጸሐፊው ተስፈኞች ዜና አያነቡም ይላሉ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ዜናው ራሳቸው ነበሩ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። ፈንጣጣን ለማጥፋት በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ አብዮትና ጦርነት እያለ ቀጥሎ በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ በ1972 ዓ.ም. በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 67 ሆነ። ለዚህ ለውጥ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ቤት ለቤት የሚዞሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። በኤልኒኞ ምክንያት በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለምግብ እርዳታ ቢዳርግም የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርና የአስቀድሞ ማስጠንቀቂያው ሥራ ለዚህ አስተዋጽኦ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት ደግሞ የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሱ ኬሚካሎችን ከገበያ በማስወጣቱ ሽፋኑ በአብዛኛው የዓለም ክፍል እስከ 2040 ገደማ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ ይጠበቃል። የካርቦን ነገር ከዚህ እጅግ ይከብዳል፤ ነዳጅ ያልገባበት ሥራ ስለሌለ በአንድ ስምምነት አይፈታም፤ በዚህ የጸሐፊውን ሥጋት እጋራለሁ።

ጸሐፊው በዚህ ቦታ «የተገኘውም ይመለሳል» ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ትክክልም ናቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የኤች አይ ቪ አገልግሎቶች በብዙ አገሮች ተናግተዋል። ይህ የሚያሳየው የተገኘው መሻሻል ጠባቂ እንደሚፈልግ፣ በሌላ ሰው ኪስ ላይ ብቻ የቆመ ነገርም እንደማያስተማምን ነው። ዓለም ከዓመት ወደ ዓመት እየከፋች ነው የሚለው ድምዳሜ ግን ከዚህ አይወጣም፤ አንዳንዱ ተሻሽሏል፣ አንዳንዱ ከፍቷል፣ የትኛው እንደሚቀጥል አስቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም። ሁሉም እንደሚከፋ እርግጠኛ መሆንም ያው ትንበያ ነው፤ ጸሐፊው በተስፈኛው ላይ ያመጡት ክስ ለራሳቸውም ይተርፋል።

ወደ አራተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ትናንሽ ሥራዎች ራስን ማጽናኛ ናቸው የሚለው ነው። አዲስ አበባ ራሷ ለዚህ መልስ አላት። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አስበው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። በዚያው ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ፣ ተቆርጦም እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ስለተገኘ ባለ ርስቱም ተራው ነዋሪም በየግቢውና በየዳገቱ ተከለው፤ ከተማዋም ባለችበት ቀረች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ችግኝ የተከለው ሰው ዋና ከተማ አድናለሁ ብሎ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ለማገዶና ለሽያጭ ነው የተከሉት። እርግጥ ባሕር ዛፍ ውኃ መጣጭ ነው፤ ሌላ እጽዋት አያስጠጋም፤ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ጀርባም የዚያ ታሪክ አካል ነው። አንዱ መፍትሔ ሌላ ችግር ወልዷል፤ ከተማዋ ግን አለች።

ከትልቁ ወደ ትንሹ ልምጣ። በእኛ ሕንፃ ውኃ ወደ ላይኞቹ ፎቆች አይወጣም ነበር። ነዋሪው አዋጥቶ ሮቶና ፓምፕ ይግዛ ሲባል የምድር ቤት ነዋሪዎች «እኛ ጋ ይደርሳል፤ ለምን እንከፍላለን?» ብለው ተቃወሙ፤ ክርክሩ በኮሚናሉ፣ በነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ፣ ውስጥ ስንት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ የታች ነዋሪዎች ያነሰ፣ የላይኞቹ የበዛ እንዲከፍሉ ተስማምተን ተገዛ። ጸሐፊው ይህን ቢሰሙ የአዲስ አበባን የውኃ እጥረት ፓምፕ አይፈታውም እንደሚሉ እገምታለሁ፤ አዎን፣ አይፈታውም። የከተማዋ ውኃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የሚመጣ ነውና እጥረቱ የሚፈታው በሌላ ቦታ፣ በሌላ ገንዘብ ነው፤ አሁንም ውኃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። የተለወጠው አረጋውያን ጀሪካን ተሸክመው በሌሊት ደረጃ አለመውጣታቸው ነው። ሌላም የተለወጠ ነገር አለ፤ ፓምፑን ያስገዛው ኮሚቴ በዚያው ሳይበተን የአቤቱታ ደብዳቤ አርቅቆ፣ ነዋሪውን አስፈርሞ፣ የመንገድ መብራት እንዲገባ ጠየቀ። መብራቱ እስካሁን በመንገዱ አንድ ወገን ብቻ ነው የበራው፤ ኮሚቴው ስለ ሌላው ወገን መጻፉን አላቆመም። ጸሐፊው በአንደኛው ነጥባቸው ሕዝቡ መብቱን አይጠይቅም ብለው ወቅሰው በአራተኛው ነጥባቸው ደግሞ መጠየቅ የሚለማመድባትን ትንሽ ሥራ ያቃልላሉ፤ ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቋቸው ልረዳ አልቻልኩም።

የመጨረሻው ነጥብ ምክር ነው፤ ከማንም ምንም አትጠብቁ፣ በራችሁን ዝጉ፣ ከቻላችሁ ሂዱ የሚል። ስለ መሄድ ብዙ አልልም። በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ፣ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙ ወጣቶችን ማንም በርቀት ተቀምጦ ሊፈርድባቸው አይገባም። ነገር ግን እነዚህን ወጣቶች ተስፋ ለመቁረጥ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ያልታየ አገር ይሻላል ብሎ በረሃና ባሕር የሚያቋርጥ ሰው ከሁላችንም በላይ ተስፈኛ ነው፤ አንዳንዴም ለጥፋቱ። ብቻውንም አይሄድም፤ የእናት ወርቅ ተሸጦ፣ የአክስት ዕቁብ ተጨምሮ፣ ከዘመድ ብድር ተወስዶ ነው፤ ሥራ ሲያገኝም የሚልከው ገንዘብ ወደዚያው ቤት ይመለሳል። በሩን ዘግቶ ራሱን ያዳነ ሰው በዚህ ሁሉ ውስጥ የለም።

በር ስለ መዝጋት ግን የምለው አለኝ። ወደዚህ ሰፈር ነዋሪው የገባው ከየክፍለ ከተማው፣ ከፈረሱ መንደሮች፣ ከክልልም ጭምር ተሰባስቦ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያውቅ ነው። መብራትና ውኃ በወጉ ሳይገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎች አስቀድመው ካቋቋሟቸው ነገሮች አንዱ እድር ነበር። በየወሩ ይዋጣል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ይገዛል፤ በቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም እንደየሥርዓቱ ይቀበራል። እድር ነገ ይሻላል በሚል ትንበያ ላይ የቆመ አይደለም፤ ከትንበያዎች ሁሉ በከፋው፣ ሁላችንም እንደምንሞት እርግጠኛ በሆነው ላይ የቆመ ነው። አባላቱ ይህን እያወቁ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ተሰብስበው ስለ ድንኳኑ መቀደድ ይከራከራሉ፤ ጣቃ ለመግዛት ድምፅ ይሰጣሉ፤ የዘገየ መዋጮ ያስከፍላሉ። ጸሐፊው ለተስፋ የሰጡት ትርጉም ይህን ሥራ የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ የእኔ ክርክር ሁሉ የሚያርፈውም እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊውም የሚኖሩት በከተማችን ከሆነ የአንድ እድር አባል እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ አባል ያልሆነ አባወራ እንደ እርሳቸው ስለ ሰፈር ኑሮ ጠንቅቆ አይጽፍምና። ከማንም ምንም የማይጠብቁ ከሆነ የወር መዋጯቸውን ለምን እንደሚከፍሉ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢያብራሩልን ክርክሩን ከዚያ ላይ እንቀጥላለን።